ማኤስትሮ ሽማግሌ ላኩ

በዕድሜዬ ለእኔ ሽማግሌ የተላከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላኪው ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ እኔ አርባ ሦስት። ቆይ፣ አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ዛሬ ነገሩ ትዝ ሲለኝ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ሰዉም ዘወር ብሎ ያየኛል። ያን ዕለት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ብዙነሽ እባላለሁ። ሮም የመጣሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። እንደ አብዛኞቻችን ሰው ቤት ገባሁ፤ ደረጃ ወለወልኩ፣ አሮጊት አጠብኩ፣ የማላውቀውን ምግብ እየቀመስኩ ሠራሁ። በመጨረሻ ሲኞራ ሊያ ለሚባሉ የታመሙ ሴት ባዳንቴ፣ አስታማሚ ማለት ነው፣ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለቤታቸው ናቸው እንግዲህ የዛሬው ታሪኬ ሰው። ስማቸው ኦታቪዮ ነው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ማኤስትሮ ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ማኤስትሮ የስዕል ፍሬምና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በወርቅ የሚለብጡ ሰው ናቸው። ከቴቬሬ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ቦቴጋ የሚሉት የሥራ ቤት አላቸው፤ ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የወረደ። ሲኞራ ሊያ ሲያርፉ ሻንጣዬን ማሸግ ጀመርኩ። ማኤስትሮ በር ላይ ቆመው «ቢዙ፣ ወዴት ነው? ቦቴጋውን ማን ይጠርጋል?» አሉኝ። ብዙነሽ ማለት ለምላሳቸው ስለከበዳቸው ነው ቢዙ የሚሉኝ። ለመጥረግ ገባሁ። ከዚያ ሙጫ ማሞቅ፣ ከዚያ ከወርቁ ሥር የሚገባውን ቀይ ሸክላ መቀባት፣ ከዚያ ወርቁን ማንሳት መጣ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ሄደ።

የወርቁ ቅጠል በጣም ስስ ስለሆነ በእጅ አይነካም፤ ከነኩት እጅ ላይ ይጠፋል። ሰፊ ብሩሽ አለ፣ እሱን ጉንጭ ላይ ሁለቴ አሸት ታደርጉታላችሁ፤ ከፊታችሁ ወዝ ትንሽ ይወስድና በዚያች ወዝ ቅጠሉን ብድግ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ማንም አይተነፍስም። አንድ ቀን አስነጥሼ ለአንድ መልአክ ክንፍ የሚበቃ ወርቅ ጣሪያ ላይ በተንኩት፤ ማኤስትሮ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፈውኝ ዋሉ።

ይህን የወርቅ ቅጠል የሚያቀርብልን ሲኞር ሂሮሺ የሚባል ጃፓናዊ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ወርቁን ይዞ ይመጣል፤ አምሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጣሊያንኛውን ቀስ አድርጎ ይናገራል። አንድ ቀን ማኤስትሮ እንደ ልማዳቸው ያማርራሉ። «ልጅ የለኝም። የቦቴጋው ውል በቤተሰባችን ስም ነው፤ እኔ የሞትኩ ዕለት ያበቃል። እዚህ ቤት ለቱሪስት የኮሎሴዎ ማግኔት ይሸጥበታል!»

«ታዲያ ለምን ልጅ አያደርጉም?» አለ ሲኞር ሂሮሺ።

«በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ?»

«ያደገ ልጅ ነዋ የምልዎት።»

ከዚያ ነገረን። በእነሱ አገር የቆየ ሙያ ያለው ቤት ወራሽ ሲያጣ ሙያውን የሚችል ትልቅ ሰው ፈልጎ በሕግ ልጅ ያደርጋል። ልጅ የሆነውም ስሙን ይወስዳል፣ ቤቱን ይይዛል። ሂሮሺ ራሱ እንደዚያ ነው። አማቱ ወርቅ እየቀጠቀጡ ቅጠል የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ልጃቸውን ሲያገባ እሱንም ልጅ አደረጉት። «አሁን ያለኝን አባት ያገኘሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለ።

ሁለቱም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ብሩሹን ጉንጬ ላይ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

እሺ ማለቴ አልቀረም፤ የጣሊያን ሕግም ለካ ይህን ያውቃል። አንዲት ጠበቃ ሁሉንም አስረዳችን፤ ማኤስትሮ ይስማማሉ፣ እኔ እስማማለሁ፣ ትሪቡናሌ፣ ፍርድ ቤቱ ማለት ነው፣ እንቀርባለን። በመጨረሻ ላይ «የወላጆችሽም ቃል ያስፈልጋል» አለች። እናቴ ነፍሷን ይማርና አርፋለች። አባቴ ግን አሉ። እንዴታ አሉ!

አባባ አቶ ታፈሰ ይባላሉ፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሲወጡ ሥራቸው ሽምግልና ሆነ። በሰፈራችን የአባባ እግር ያልገባበት ጋብቻ የለም፤ የስንቱን ልጅ ለስንቱ ጠይቀዋል። ለእኔ ግን ማንም አልመጣም። እሁድ እሁድ ስንደዋወል «ምነው ልጄ፣ እዚያ አገር ሽማግሌ የሚባል ፍጥረት የለም እንዴ?» ይሉኛል። ይህ ቁስላቸው ነበር፤ አውቃለሁ።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ሰው «አባባ፣ ሌላ አባት አግኝቻለሁና ይስማሙልኝ» ተብሎ ይነገራል? እኔ ፈሪ ነኝ። «ሮምን ይዩ፣ ቫቲካን ውስጥ ያለውን ቅዱስ እስጢፋኖስን ይሳለሙ» ብዬ አስመጣኋቸው። ቅዳሜ ገቡ። የትሪቡናሌው ቀጠሯችን ሐሙስ ነው። ማኤስትሮ የልብ ኦፕራሲዮን የሚጠብቃቸው ሰው ናቸው፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን፣ እሳቸውም እስከዚያ ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም።

እሁድ ልነግራቸው አልኩ፣ አልቻልኩም። ሰኞ ቦቴጋውን በደጅ አሳየኋቸው፤ «አሠሪዬ ናቸው» ብዬ ከማኤስትሮ ጋር አጨባበጥኳቸው። ማኤስትሮ ነገሩን ስለሚያውቁ ዓይናቸው ይንከራተት ነበር። አባባ ስንመለስ «ሰውዬው ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?» አሉ። «ሽማግሌ ናቸው» ብዬ አለፍኩት። በመንገዱ ሁሉ ያማረሩት ግን የሮምን ሾፌሮች ነበር። «ይሄ ፍሬን ነው የሚይዘው ወይስ ሰው ነው የሚያወርደው?»

በዚያው ሰኞ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ወዳጄ ለተብርሃን ዘንድ ሮጥኩ። ለተብርሃን አስመራ ነው ያደገችው፤ በአማርኛ ተምራ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ የኛ ሰው ጉዳይ ሁሉ እዚያ ነው የሚያልቀው።

«ንገሪልኝ» አልኳት። «እኔ አፌ አልፈታ አለኝ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች እጇን እያደረቀች። «የሰው ልጅ በጠበቃ ደብዳቤ አይጠየቅም። ሽማግሌ ይላካል።»

«ሽማግሌ የሚላከው እኮ ለጋብቻ ነው!»

«ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ይሄስ ልጅ መጠየቅ አይደለም? አንቺ ዝም ብለሽ ኩሽና ግቢ።»

እኔም ከጭንቀቴ ብዛት ዝም አልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የለተብርሃን ታላቅ ወንድም ጋሽ ኪዳኔ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሲኞር ሂሮሺ በጥቁር ሱፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ። ሦስተኛዋ ራሷ ለተብርሃን ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለው ማነው?» አለችኝ በሹክሹክታና ገፋ አድርጋኝ ገባች።

እኔ ኩሽና ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባባ።

«የለም፤ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

አባባ ይህን ቃል ራሳቸው ስንት ቤት ደጃፍ ላይ ብለውታል! ወዲያው ገባቸው። «አንድ ጊዜ» ብለው ወደ መኝታ ቤት ሲገቡ በበሩ ክፍተት ፊታቸውን አየሁት፤ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ኮት ደርበው፣ ከረባት አስረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተመለሱ። ሃያ ዓመት የጠበቁት ነገር ደጃቸው መጥቶ ቆሟል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ኪዳኔ፣ «ልጅዎን ብዙነሽን ለአንድ የተከበረ ወዳጃችን እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው የመጣነው።»

አፋቸው የለመደውን ነው ያወጡት። ኩሽና ውስጥ ሆኜ ግንባሬን በእጄ መታሁ።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ አባባ ድምፃቸውን ከበድ አድርገው። «ሥራው ምንድነው?»

«በወርቅ ነው የሚሠሩት።»

«ወርቅ!» ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ቤት አለው?»

«ቤትም ቦቴጋም አላቸው፤ ከቅድመ አያታቸው የመጣ።»

«መልካም ዘር ነው። ከዚህ በፊት ትዳር ነበረው?»

«ሚስታቸው አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። ልጅስ?»

«የላቸውም። ብዙነሽን የፈለጓትም ለዚሁ ነው» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

አባባ ሳል አመጣቸው። «እንግዲህ እሷም ዕድሜዋ… እግዚአብሔር ያውቃል። ለመሆኑ ሰውየው ዕድሜው ስንት ነው?»

ጋሽ ኪዳኔ ወደ ለተብርሃን ዞሩ። ጥያቄው ያልገባው ሂሮሺ ብቻ ለሁሉም ፈገግ ይላል።

«ሰባ ዘጠኝ» አለች ለተብርሃን።

«ብዙነሽ!»

ወጣሁ። አባባ ከረባታቸውን እየፈቱ ቆመዋል።

«ሰኞ ያጨባበጥሽኝ ሰውዬ ነው? ያ ዓይኑ ሲንከራተት የነበረው? ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል እኮ! ነገ ሲያስነጥስ ልትቀብሪው ነው?»

«አባባ፣ ጋብቻ አይደለም!»

«እና ምንድነው?»

«ልጅ ሊያደርጉኝ ነው። በሕግ። ቦቴጋው እንዳይዘጋ… የእሳቸው ልጅ እንድባል።»

ቁጭ አሉ። ቀስ ብለው ነው የተቀመጡት። «ልጅ» አሉ። «አባት የሌለሽ መሰላቸው?»

ይህን ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። መሬቱን አየሁ፣ እንባዬ ጫማዬ ላይ ጠብ አለ።

«ማግባቱ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «በጋብቻ አማች አገኛለሁ። በዚህኛው ምን አገኛለሁ? ልጄን አጣለሁ እንጂ!»

ሲኞር ሂሮሺ ነገሩ እንደተበላሸ አየ። አንዴ አጎንብሶ በጣሊያንኛ መናገር ጀመረ፤ እኔ በእንባዬ መሃል እተረጉማለሁ። የራሱን ታሪክ ነገራቸው። አባባ እስኪጨርስ ሰሙትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የወለዱህ አባትህስ ምን አሉ?»

«ሦስት ቀን አላናገሩኝም» አለ ሂሮሺ። «በአራተኛው ቀን ተነሥተው ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። ሲመለሱ 'ጥሩ ቤት ነው' አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። እስከ ዛሬም አላሉም።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ሸምጋይ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ሥርዓቱን ታውቃላችሁ» አሉ ለጋሽ ኪዳኔ። «በአንድ መምጣት ልጅ አይሰጥም። ሦስት ጊዜ ትመላለሳላችሁ።»

«ምን አሉ?» አለኝ ሂሮሺ።

«ገና ሁለት ጊዜ መምጣት አለባችሁ።»

«ሐሙስ ነው እኮ ቀጠሮው!» አለ።

ይህን አልተረጎምኩም።

አባባ ማምሻውን ራት ሳይበሉ ተኙ። ረቡዕ ጠዋት ወተት ልገዛ ወረድኩ፤ አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። ስመለስ አልጋቸው ተነጥፏል፣ ኮታቸው የለም። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል።

ከ«ግራሲያስ» በቀር ጣሊያንኛ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እሱም ጣሊያንኛ አይደለም። ሰፈሩን ዞርኩ፣ ባሩን ጠየቅኩ፣ ፌርማታውን አየሁ። ለተብርሃን ደንበኞቿን ትታ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄደች፤ ጋሽ ኪዳኔ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አባት አልበቃሽ ብሎ ነው? ደግ አደረጉ፣ ይሂዱ ወደ አገራቸው፣ ብቻ በሰላም ይገኙ፤ ሁሉንም እተወዋለሁ አልኩ። ለእመቤቴ ተሳልኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ቢዙ» አሉ ማኤስትሮ በቀጭን ድምፅ። «አባትሽ እዚህ ናቸው።»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ወንበሬ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነው። አንድ ሰዓት ሊሆነን ነው። ምን ላድርግ?»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስገባ አባባ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፣ ማኤስትሮ ደግሞ የገዛ ቦቴጋቸው ውስጥ እንደ ተማሪ ቆመዋል።

«አባባ! እንዴት መጡ?»

«ሁለት አውቶቡስ ነው» አሉ። «ሰኞ ስንመጣ መንገዱን ይዤዋለሁ። ሁለተኛው ሾፌር ፍሬን አይችልም።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛው በአገጫቸው አመለከቱ። «ሥራሽን አሳዪኝ።»

ልብሴን ቀየርኩ። አንድ የተጀመረ ፍሬም ነበር፣ ቀዩ ሸክላ ደርቆ ወርቅ የሚጠብቅ። ውሃውን አስነካሁት፣ ብሩሹን ጉንጬ ላይ አሸት አደረግኩ፣ ቅጠሉን ብድግ አድርጌ አሳረፍኩት። ቀና ስል አባባ ትንፋሻቸውን ይዘው ዓይናቸው ፈጦ ነበር። ማንም አልነገራቸውም፤ ቤቱ ራሱ አስያዛቸው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነጠፍኩ። ከዚያ የደረቀውን ጥግ በድንጋይ አሸሁት፤ አበራ።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን እያዩ።

ማኤስትሮ ጥያቄውን ሳልተረጉምላቸው ገባቸው። «እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ወርቁን የምታነሳው እሷ ናት።»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰው ቤት ትጠርጊያለሽ ብዬ ነበር የማስበው። ይሄን ሁሉ ዘመን። ለምን አልነገርሽኝም?»

እውነቱን ነገርኳቸው፤ ባይሳካልኝ እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው። ወደ ማኤስትሮ ዞሩ።

«ጠይቂልኝ። ለሥራው ከሆነ ደመወዝ ይበቃል። ልጅ ማድረግ ለምን አስፈለጋቸው?»

ማኤስትሮ በማንጠልጠያው ላይ ያለውን የሲኞራ ሊያን ሽርጥ ያያሉ። «ሊያ የሞተች ዕለት» አሉ፣ «እኔ ፈርቼ ከክፍሉ ወጣሁ። አርባ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ እጇን ሳልይዝ ሞተች። የያዘችው ቢዙ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ናት፤ የዘገየው ወረቀቱ ነው።»

ተረጎምኩላቸው። አባባ ተነሥተው መደርደሪያውን እያዩ ወዲያ ወዲህ አሉ። ዓይናቸውን ማንም እንዳያይባቸው መሆኑ ገብቶኛል። ድንገት አንድ ብልቃጥ አንሥተው አሸተቱ።

«ይሄ ማር ነው?»

«ማር ነው» አልኳቸው። «የተረፈ የወርቅ ብናኝ በማር ይፈጫል፤ ለስዕል ቀለም ይሆናል።»

አባባ ብልቃጡን ይዘው ቆዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ያ ጃፓናዊ አዲስ ነገር ያመጣልን መስሎት!» አሉ። «የጡት ልጅ አይደለም እንዴ ይሄ? የአያቴ አባት ቤት አንድ ዘመድ የሌለው ጎልማሳ ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ። ቅድመ አያቴ ሽማግሌ ሰብስበው፣ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡት። ጢም ያለውን ሰውዬ! ከዚያ ቀን ወዲያ ልጃቸው ሆነ፤ ከአያቴ ጋር እኩል አረሰ። የእሱ ዘሮች ዛሬም ለቅሶ ላይ ከእኛ ጋር ነው የሚቀመጡት፣ ከእነሱ ጋርም አንጋባም።» ወደ እኔ መጡ። «የወለደው አባት ይቀራል ያለ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹን ጥሪ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሽ ኪዳኔ፣ ለተብርሃንና ሂሮሺ እያለከለኩ ገቡ። አባባ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለተኛ ጊዜ መጣችሁ ማለት ነው።»

ለማኤስትሮ ነገሩን አስረዳኋቸው። ጣታቸውን አዩ፤ ከሸክላውና ከሙጫው የተነሣ ቀልቶ የደረቀ ጣት ነው። «አሎራ… ንፅህናውስ?» አሉ። አባባ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ቧንቧው ገፋ አደረጓቸው። ታጠቡ፣ ደጋግመው ታጠቡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ።

አርባ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ በሮም መሃል፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰውዬ ጣት ጠባሁ። ከማሩ ሥር የሙጫ ጣዕም ነበረው። ልስቅ ስል አለቀስኩ፣ ላለቅስ ስል ሳቅኩ። ለተብርሃን እልል አለች፤ ቱሪስቶች በመስኮቱ ያዩናል። ሂሮሺ እንደገና እስከ ወገቡ ድረስ አጎነበሰ። ማኤስትሮ ጣታቸውን ወደ ላይ እንደያዙ «ቫ ቤኔ? ቫ ቤኔ?» ይላሉ፣ ደህና ነው ወይ ማለታቸው ነው፤ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

አባባ አቀፏቸው። «እንግዲህ አንተ» አሉ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ሲሏቸው ነበር፣ «ወንድሜ ነህ።»

ሐሙስ ጠዋት ትሪቡናሌ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቼ ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛ መምጣታቸው ነው። ዳኛዋ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። ማኤስትሮ ቃላቸውን ሰጡ፣ እኔም ሰጠሁ። ከዚያ በአስተርጓሚዋ በኩል ወደ አባባ ዞረች።

«ይህ ሲፈጸም በልጅዎ ስም ላይ የእሳቸው ስም ከፊት ይገባል፣ የእርስዎ ከኋላ ይሆናል። ይህን ተረድተዋል?»

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ማሩም፣ እቅፉም፣ «ወንድሜ» መባሉም አስረስተውኝ፣ ወይም ደግሞ እውነቱን ልናገርና እንደገና ፈርቼ ተውኩት። አባባ አስተርጓሚዋን «ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችላቸው። ማኤስትሮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። አባባ ወደ እኔ አላዩም።

ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ክብርት ዳኛ» አሉ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከፊት ተቀምጬ ያየሁት መንገዱን ነው፤ ሰዎቼን ዞሬ አላየኋቸውም። ይህችም ልጄ ስታድግ አላየኋትም፤ ጠዋት ስወጣ ተኝታ፣ ስገባም ተኝታ ነበር። አሁን እሱ ከፊት ይቀመጥ። እኔ ከኋላ ሆኜ ልጄን አያታለሁ።»

አስተርጓሚዋ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ወዲያው መተርጎም አቃታት። ስትጨርስ ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጸሐፊው ግራ ገብቶት «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«ይስማማሉ ብለህ ጻፍ» አለችው።

ይኸው ነው። ማኤስትሮ ኦፕራሲዮናቸውን በሰላም ተወጡ፤ አሁን ቦቴጋው ውስጥ ሥራቸው እኔን መቆጣት ብቻ ሆኗል። አንዳንድ ሰው «ለፔርሜሶ ብላ ነው» ይላል፤ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከድሮም ነበረኝ፣ ግን ማን ይሰማል? እሁድ እሁድ አባባ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት «ወንድሜን አገናኚኝ» ነው። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በጣሊያንኛ፣ ሩብ ሰዓት ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ ሁለቱም አያውቁም፤ እኔም መተርጎም ትቻለሁ፤ ሳይገባቸው ይሻላቸዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለወላጆቻችሁ ሳትነግሩ የያዛችሁት ነገር ካለ ንገሯቸው። እኔ ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩት መጥፎ ነገር አልነበረም፤ ሙያዬን ነው። ያዝኑብኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ቋንቋ ሳያውቁ፣ ሊያዩኝ መጡ። ልጅ የሚጠፋው ስሟ ሲቀየር ነው ብዬ ነበር። ይልቅ በዚያ ሁሉ ዝምታዬ ነበር እየጠፋሁባቸው የነበርኩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባባ የሄዱ ዕለት ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሻንጣቸውን እየገፋሁ ወደ መመዝገቢያው ስሄድ አጠገቤ የሉም። ደንግጬ ዞርኩ። አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው ይመጣሉ።

«አባባ፣ ምነው ደከመዎት?»

«አልደከመኝም» አሉ። «ሂጂ፣ እያየሁሽ ነው።»